ለግራኝ ጀማሪ የተሰጠው የቀስት ምክር ይታረም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ ስለ መጀመሪያ ቀስት ግዢ በስፖርት ዓምድ የወጣውን ምክር ይመለከታል

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ በቅርቡ በስፖርት ዓምዱ ቀስት መወርወር ለሚጀምሩ ወጣቶች የግዢ ምክር ማውጣቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ከእግር ኳስና ከሩጫ ውጭ ለሆነ ስፖርት ቦታ የሚሰጥ ጋዜጣ በአገራችን ብዙ አይደለምና። ሆኖም በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁለቱን ሳላርም ማለፍ አልቻልኩም። አንደኛው ግራኝ የሆነ ጀማሪ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ስለሆነ የቀኝ እጅ ቀስት ገዝቶ ቢለማመደው ይሻለዋል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሁለት ጊዜ ላለመግዛት ሲባል ከመጀመሪያው 50 ፓውንድ የመሳቢያ ኃይል ያለውን የአደን ቀስት መያዝ ብልህነት ነው የሚለው ነው። ሁለቱም ምክሮች ገንዘብ ለመቆጠብ የታሰቡ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። እኔ በሐዋሳ ለረጅም ዓመታት የሰውነት ማጎልመሻ ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህር ስሆን፣ ራሴም ግራኝ ነኝ፤ ዛሬም ቀስት የሚለማመዱ ጥቂት ወጣቶችን በትርፍ ጊዜዬ እረዳለሁ።

በመጀመሪያ ምክሩ የተነሳበትን የገንዘብ ጉዳይ በአገራችን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። እኔ የማውቃቸው ወጣቶች ቀስት የሚያገኙት ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነው፤ አክስት ወይም የአጎት ልጅ ለገና ወይም ለጥምቀት ሲመጣ በሻንጣው ይዞላቸው ይመጣል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ማንኛውም ዕቃ ለቤተሰብ ምን ያህል እንደከበደ ለጋዜጣችሁ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልገኝም። በሌላው ዓለም ቀስቱ ያልተስማማው ሰው በማግሥቱ ወደ ሱቁ መልሶ ይለውጠዋል። ሐዋሳ ላይ ግን በሻንጣ ተጉዞ የመጣ ቀስት ተመላሽ የለውም፤ የማይሆን ከሆነ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ ለእኛ አገር ጀማሪ ርካሽ ቀስት ማለት የመለያ ዋጋው ያነሰው ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ የሚሠራለት ነው።

አሁን የቀኝና የግራ ቀስት ልዩነት ምን እንደሆነ ልግለጽ፤ ጽሑፉ ልዩነቱን የልማድ ጉዳይ አድርጎ አልፎታልና። የቀኝ እጅ ቀስት የሚባለው በግራ እጅ ተይዞ በቀኝ እጅ የሚሳበው ነው፤ የግራ እጅ ቀስት ደግሞ በቀኝ ተይዞ በግራ ይሳባል። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራ አብዛኛው ቀስት እጀታው መካከል ላይ በአንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ተቀርጿል፤ ፍላጻው የሚያርፈውም በዚያ በተቀረጸው ጎን ነው። በቀኝ እጅ ቀስት ላይ ቅርጹ ከወርዋሪው አንጻር በግራ በኩል፣ በግራ እጅ ቀስት ላይ በቀኝ በኩል ነው። ቅርጹ የተሠራበት ምክንያት ፍላጻው በተቻለ መጠን ከአውታሩ መስመር ሳይርቅ በቀስቱ መሐል እንዲያልፍ ነው። ግራኙ ሰው የቀኝ ቀስት ተቀብሎ በግራው ሲስብ ፍላጻው ወይ በተሳሳተው ጎን፣ ማለትም ምንም ማሳረፊያ በሌለበት በኩል፣ በጣቱ አንጓ ላይ ይቀመጣል፤ ወይም ደግሞ በማሳረፊያው ላይ አድርጎ ሲስብ ጣቶቹ አውታሩን በሚያዞሩበት አቅጣጫ ከማሳረፊያው እየተንሸራተተ ይወድቃል። በመጀመሪያው ሁኔታ ፍላጻው የእጀታውን ሙሉ ውፍረት ዞሮ ለማለፍ ስለሚገደድ ወደ ጎን ይስታል፤ የፍላጻው ላባም ሲያልፍ እጅን ይልጣል። ጫፎቹ ላይ መዘውር ባለው በኮምፓውንድ ቀስት ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ማነጣጠሪያውም፣ የፍላጻ ማሳረፊያውም፣ ገመዶቹን ወደ ጎን የሚገፋው ዘንግም ሁሉም ለአንድ ጎን ብቻ ተገጥመዋልና። ይህ ሁሉ በትዕግሥት የሚለመድ ነገር አይደለም፤ የብረቱና የእንጨቱ ቅርጽ ነው። እግረ መንገዴን፣ ከጽሑፉ ጋር በወጣው ፎቶግራፍ ላይ ያለው ወጣት ቀስቱን በቀኝ እጁ ይዞ ፍላጻው ግን በእጀታው በግራ በኩል እንደተቀመጠ ልብ ማለት ይቻላል፤ አንባቢ እሱን አይቶ ቢማር ከላይ የገለጽኩትን ስሕተት በትክክል ይደግመዋል።

ይህን ስል ግን ግራኝ ሁሉ የግራ ቀስት ይግዛ ማለቴ አይደለም፤ የጽሑፋችሁ ደራሲ ሳያነሳው ያለፈው ትልቁ ነጥብም ይኸው ነው። ቀስት ስንወረውር የሚያነጣጥረው ዐይን እንጂ እጅ አይደለም። እያንዳንዳችን ልክ እንደ አውራ እጅ አውራ ዐይን አለን፤ ሁለቱም ዐይኖቻችን ተከፍተው ሳሉ አእምሯችን የአንዱን ምስል አስቀድሞ ይቀበላል። አውታሩን ስቦ አገጭ ሥር ወይም ከአፍ ጥግ ላይ የሚያሳርፈው እጅ ከአውራው ዐይን በታች ካልሆነ፣ ወርዋሪው ዒላማውን በትክክል ያየ እየመሰለው ፍላጻው በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ከዓለም ሕዝብ ከአሥር አንዱ ገደማ ግራኝ ነው፤ ነገር ግን ግራኝ ሆኖ አውራ ዐይኑ የቀኝ የሆነ፣ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሆኖ አውራ ዐይኑ የግራ የሆነ ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ዘመድ ጋ ስልክ ከመደወል በፊት ዐይንን መፈተን ይቀድማል።

ፈተናው ምንም ወጪ የለውም። ሁለቱን እጆች ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ዘርግቶ፣ መዳፎቹን ወደ ውጭ አድርጎ፣ በአውራ ጣቶችና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ትንሽ የሦስት ማዕዘን ቀዳዳ መሥራት ነው። በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ሁለቱንም ዐይን ከፍቶ ራቅ ያለ ነገር ለምሳሌ የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያንን ጉልላት ወይም ታቦር ተራራ ላይ ያለ አንድ ዛፍ ማየት፤ ከዚያም አንዱን ዐይን መጨፈን። ግራው ሲጨፈን ጉልላቱ ከቀዳዳው ከጠፋ አውራው ዐይን ግራው ነው፤ ባለበት ከቆየ ቀኙ ነው። ፈተናውን ደጋግሞ መሥራት ያስፈልጋል፤ በተለይ ልጆች ሳያውቁት እጃቸውን ወደሚፈልጉት ዐይን የማዘንበል ልማድ አላቸው።

ግራኝ ሆኖ አውራ ዐይኑም የግራ የሆነ ሰው የግራ ቀስት ይግዛ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ግራኝ ሆኖ አውራ ዐይኑ የቀኝ የሆነው ግን ገና አንድም ልማድ ያልያዘ ጀማሪ ከሆነ የቀኝ ቀስት ቢይዝ ይሻለዋል፤ ለእሱ የጋዜጣችሁ ምክር በአጋጣሚ ትክክል ይሆናል። ምክንያቱ ግን የዋጋ ጉዳይ አይደለም። ቀስት የሚይዘው እጅም ከሚስበው ያላነሰ ሥራ ስላለው፣ ጠንካራው ግራ እጁ ቀስቱን ሳይነቃነቅ መሸከሙ ለእሱ ጥቅም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኔ ትውልድ ግራኝ ልጅ በግራው ሲጽፍ እጁ የሚመታበት፣ በግራው ሲበላ የሚገሠጽበት ጊዜ ነበር፤ ያ አስተሳሰብ ዛሬም በቤታችን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ልጁን ወደ ቀኝ ቀስት የሚመራው የዐይኑ ፈተና ከሆነ መልካም ነው፤ የአያቱ ግልምጫ ከሆነ ግን ተገቢ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ምክር፣ ወደ 50 ፓውንዱ ልለፍ። በእኔ ግምት ከሁለቱ ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ነው፤ ለተሳሳተ እጅ የተሠራ ቀስት የያዘ ሰው ችግሩን በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል፣ ከዐቅሙ በላይ የከበደ ቀስት የያዘ ግን ለወራት ራሱን ሰነፍ እያለ ይቆያል። የቀስት ኃይል የሚለካው አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ በጣት ላይ በሚያርፈው ክብደት ነው። 50 ፓውንድ ማለት ወደ 22.7 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ጀማሪ በአንድ ልምምድ 60 ፍላጻ ቢወረውር በዚህ ቀስት በድምሩ ከ13 ኩንታል በላይ በሦስት ጣቶቹና በአንድ ትከሻው ስቧል ማለት ነው፤ በ25 ፓውንድ ቀስት ቢሆን ግን ከ7 ኩንታል በታች ይሆናል። ትከሻ የሚጎዳውም፣ ጀማሪው ሳያነጣጥር ቸኩሎ አውታሩን የሚለቀውም፣ አገጩን ወደ አውታሩ እየወሰደ አንገቱን የሚያጣምመውም ከዚህ የተነሳ ነው። አንድ ጊዜ የተያዘ መጥፎ አለቃቀቅ ደግሞ በኋላ ቀላል ቀስት በመያዝ ብቻ አይለቅም።

ለጎልማሳ ጀማሪ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ በቂ ነው፤ ሰውነቱ ቀጠን ያለ ወጣት ወይም ወጣት ሴት ከ20 ቢጀምሩ ምንም አይቀርባቸውም። ቀስቱ ይክበድ አይክበድ ለማወቅ ሁለት ቀላል መፈተኛዎች አሉ። ወርዋሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ከመሬት አንሥቶ ቀስቱን ወደ ሰማይ ሳያቀና፣ ቀጥ ባለ ክንድ መሳብ ይቻለው እንደሆነ ማየት አንዱ ነው። ሌላው ሙሉ በሙሉ ስቦ ቀስ እያለ እስከ አሥር ሲቆጥር ክንዱ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ መመልከት ነው። ሁለቱንም ካለፈ ኃይሉ ለጊዜው ልኩ ነው። ስቦ ሲጨርስም ፍላጻ ያልተደገነበትን አውታር ፈጽሞ መልቀቅ የለበትም፤ ቀስ አድርጎ ይመልሰው። ኃይሉን የሚቀበል ፍላጻ ከሌለ ግፊቱ በሙሉ ወደ ቀስቱ ተመልሶ ክንፎቹን፣ ማለትም ከእጀታው በላይና በታች ያሉትን የሚታጠፉ ክፍሎች፣ ሊሰነጥቅ ይችላልና።

በዚህ ላይ የክንድ ርዝመት ይጨመራል። የአንድ ሰው የመሳቢያ ርዝመት ግምት የሚገኘው ሁለቱን ክንዶች ወደ ጎን ዘርግቶ ከአንዱ መሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ያለውን ርዝመት ለ2.5 በማካፈል ነው። የክንዱ ስፋት 167 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወደ 67 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከ26 ኢንች ትንሽ የሚበልጥ ይስባል። በአብዛኛው ሪከርቭ (የክንፎቹ ጫፎች ወደ ፊት የታጠፉበት ቀስት) ላይ እያንዳንዱ ኢንች ከሁለት እስከ ሦስት ፓውንድ ስለሚጨምር ወይም ስለሚቀንስ፣ 30 ፓውንድ ተብሎ የተጻፈበት ቀስት በዚህ ሰው እጅ ላይ ወደ 25 ወይም 26 ፓውንድ ብቻ ይሆናል። ዘመድ ጋ ትእዛዝ ሲላክ ከስልክ ቁጥርና ከሻንጣ ቦታ ይልቅ ይህ ልኬት ቢላክ ብዙ ችግር ይቀራል።

እንግዲህ የትኛውን ዓይነት? ለግራኝ ጀማሪ የሚያዋጣው ሦስት ቦታ የሚፈታው ሪከርቭ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የቀስቱ ቀኝና ግራ ያለው በእጀታው ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ ክንፎች፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች በብሎን በእጅ የሚታሰሩት፣ ለቀኝም ለግራም አንድ ናቸው። ግራኙ አንድ ጊዜ የግራ እጀታ ከገዛ በኋላ በ25 ፓውንድ ክንፍ ጀምሮ ጡንቻው ሲጠነክር 30ውን፣ ከዚያም 35 ወይም 40ውን ክንፍ ብቻ ይገዛል፤ ክንፍ ብቻውን ከሙሉ ቀስት በእጅጉ በአነሰ ዋጋ ይገኛል። የቀኝ ወርዋሪ ጓደኛው የማይፈልገውን ክንፍም ሊቀበለው ይችላል፤ የእጀታው ዓይነት አንድ እስከሆነ ድረስ ይገጥማል። ጽሑፋችሁ «ሁለት ጊዜ ላለመግዛት» ሲል የፈለገው ቁጠባ የሚገኘው እንዲህ ነው። በዚህ ዓይነት በስፋት ከሚታወቁት መካከል ሳሚክ ሴጅ የሚባለው 62 ኢንች ቀስት ይገኛል፤ በግራም በቀኝም ተሠርቷል፣ ክንፎቹም ከ25 እስከ 60 ፓውንድ በአምስት አምስት ልዩነት የተዘጋጁ ናቸው። የእሱን መንገድ የተከተሉ ሌሎች ቀስቶችም በአሜሪካ ገበያ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛሉ። ተፈትቶ በሻንጣ መግባቱም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ቀስትና ፍላጻ በእጅ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን ስለማይገቡ በሚመዘነው ሻንጣ ውስጥ መታሸግ አለባቸው፤ ተጓዡም ዕቃውን ከማሸጉ በፊት ጉምሩክን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ከዚህም ያነሰ ገንዘብ ላለው ሌላ መንገድ አለ፤ ፈረሰኞች ይይዙት በነበረው በቱርክ፣ በሃንጋሪ ወይም በሞንጎሊያ ቅርጽ የተሠራ፣ እጀታው ምንም ያልተቀረጸ አጭር ቀስት። ማሳረፊያ ስለሌለው ፍላጻው በእጅ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ ቀኝም ግራም የለውም፣ አንድ ቤተሰብ ግራኝና ቀኝ እጁን የሚጠቀም ልጅ ካለው ሁለቱም ይጠቀሙበታል። ጉዳቱ ፍላጻው በእጀታው ዙሪያ መተጣጠፍ ስላለበት የፍላጻ ምርጫው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቀስት የሚይዘው እጅም ጓንት ያስፈልገዋል። እኔ በግሌ ለብቻው የሚማር ጀማሪ ከሪከርቩ ቢጀምር እመርጣለሁ።

ኮምፓውንድን በተመለከተ አጭር ነኝ። በእ.ኤ.አ. 1969 ሆሊስ ዊልበር አለን የተባለ አሜሪካዊ የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘበት ይህ ቀስት ጫፎቹ ላይ ባሉት መዘውሮች አማካኝነት ሙሉ በሙሉ ሲሳብ በብዙ ሞዴሎች ከ75 እስከ 85 በመቶ የሚሆነውን ክብደት ከጣት ላይ ያነሣል። ለአደን ይመረጣል። እንደ ዳይመንድ ኢንፊኒት ኤጅ ፕሮ ወይም ቤር ክሩዘር ጂ2 ያሉት ከ5 እስከ 70 ፓውንድ ስለሚስተካከሉ ለጀማሪም ይሆናሉ፤ በግራም ተሠርተዋል። ነገር ግን ዋጋቸው ከሪከርቩ ከእጥፍ በላይ ነው፤ አውታራቸውና ገመዶቻቸው ሲያረጁም ለመለወጥ ብዙ ጊዜ ልዩ መጭመቂያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሐዋሳ ላይ ይህን መሣሪያ የያዘ ጠጋኝ አላየሁም። የሪከርቭ አውታር ግን ማንም ሰው በቤቱ ይለውጠዋል።

ገንዘቡ ሁሉ በቀስቱ ላይ ማለቁም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ፍላጻ ግራና ቀኝ የለውም፤ ግራኙ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር ቀለሟ የተለየችውን ላባ ከእጀታው ወደ ውጭ፣ ማለትም በእሱ በኩል ወደ ቀኝ አድርጎ መደገን ነው። ግትርነቱ ግን ከቀስቱ ኃይል ጋር መስማማት አለበት። በካርቦን ፍላጻ ላይ የተጻፈው የግትርነት መለኪያ ቁጥር ትልቅ ከሆነ ፍላጻው ይበልጥ ይተጣጠፋል፤ ብዙ ገዢ ተቃራኒው ይመስለዋል። ለቀላል ቀስት በጣም ግትር የሆነ ፍላጻ ከተገዛ ግራኙ የሚወረውረው ሁሉ ወደ ቀኝ እየሄደ «እጄ ነው» ይላል፤ ጥፋቱ የፍላጻው ነው። ቢያንስ ስድስት ተመሳሳይ ፍላጻ ያስፈልጋል፤ ርዝመታቸውም ከመሳቢያ ርዝመቱ አንድ ወይም ሁለት ኢንች ይብለጥ። ክብደታቸው ለእያንዳንዱ ፓውንድ ከ8 እስከ 10 ግሬን (ለፍላጻ የሚያገለግል ትንሽ የክብደት መለኪያ) ቢሆን ለቀስቱ ደኅና ነው፤ ለ30 ፓውንድ ቀስት ይህ ከ15 እስከ 20 ግራም አካባቢ ይሆናል። የካርቦን ፍላጻ በእያንዳንዱ ልምምድ ፊት በእጅ ቀስ ብሎ እየታጠፈ ድምፁ ይሰማ፤ የተሰነጠቀ ፍላጻ ሲለቀቅ ተሰባብሮ ቀስት የያዘውን እጅ ሊወጋ ስለሚችል በሙጫ ተጠግኖ መወርወር የለበትም።

የቀሩት ዕቃዎች ከውጭ መምጣት የለባቸውም። የጣት መከላከያ ቆዳ ለግራኝ በግራ እጅ የሚለበስ ሲሆን፣ ናሙናውን በካርቶን ቆርጦ ለሰጠው ጫማ ሰፊ በሰዓት ውስጥ ይቆርጠዋል፤ ቀስት የያዘውን የቀኝ ክንድ ከአውታር ግርፋት የሚጠብቀውንም እንዲሁ። ቀስቱን ለመገተር፣ ማለትም አውታሩን በክንፎቹ ላይ ለመወጠር፣ የሚያገለግለው ባለ ሁለት ኪስ ገመድም በአገር ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ያለ እሱ እግር ላይ እያጠፉ መገተር ክንፉን ያጣምማል። ዒላማው ደግሞ በልብስ ስፌት ቤቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ በጥብቅ የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ቢሆን ለ30 ፓውንድ ቀስት ይበቃል፤ ፍላጻውን ሳይሰብር ይይዘዋል፣ ሲላላም ከላይ ተሞልቶ እንደገና ይሰፋል።

ያገለገለ ቀስት ለሚገዛ ሰው የግራ ቀስት በገበያ ላይ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ሲገኝ ግን አውታሩን ገትሮ ከጫፍ ጫፍ በአንድ ዐይን እያዩ አውታሩ የሁለቱንም ክንፎች መሐል ተከትሎ ማለፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ክንፉ ተጣሟል። በክንፎቹ ጎንና ጫፍ ላይ የመሰንጠቅና የመላቀቅ ምልክት ካለም መግዛት አይገባም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ቀስት ሙጫው ይለቃል፤ የሐዋሳ ሙቀት ለዚህ ይበቃል።

በመጨረሻ ስለ አደኑ። ጽሑፋችሁ «የአደን ቀስት» ብሎ ሲመክር አደን የት እንደሚፈቀድ አንድም ቃል አልተናገረም። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ጉዳዩን የሚከታተለውም በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ከሐዋሳ ብዙ በማይርቀው በሰንቀሌ የሚጠበቀው ቆርኪ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው፤ በአሞራ ገደል ያሉት ጉሬዛዎችና በሐይቁ ዳር የሚውሉት አባ ኮዳዎችም የማንም ዒላማ አይደሉም። የእህቴ ልጅ በሚኖርበት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ፈቃድ ያወጣ ሰው አጋዘን በቀስት ማደን ይችላል፤ እዚያም ቢሆን ሕጉ ቀስቱ ቢያንስ 30 ፓውንድ እንዲኖረው ያዛል፣ በኮሎራዶ ደግሞ 35። በእንግሊዝ የዱር እንስሳን በቀስት ማደን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በኬንያ ስፖርታዊ አደን ከእ.ኤ.አ. 1977 ጀምሮ ታግዷል። የእህቴ ልጅ በስልክ «ጋሼ፣ እኛ ጋ እንኳን በ40 ፓውንድ የሚያድነው ብዙ ነው፤ ለምን ልጆቹን 50 ያስይዟቸዋል?» ብሎ የጠየቀኝም የጋዜጣችሁን ጽሑፍ ካነበብኩለት በኋላ ነው። የአደን ፍላጻ የሚገድለው በግፊት ሳይሆን ስለት ባለው ጫፉ ደም በማፍሰስ ስለሆነ፣ ከ20 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ትክክለኛውን ቦታ መምታት ከኃይሉ ይበልጣል። ያን የሚያስተምረው ደግሞ ቀላሉ ቀስት ነው።

ስለ መለማመጃ ቦታ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሐይቁ ዳርቻና የታቦር ተራራ ግርጌ ሰው፣ ከብትና ሕፃን የሚመላለስባቸው ስለሆኑ ለዚህ አይሆኑም፤ የምረዳቸው ወጣቶች በቱላ አቅጣጫ ባለ የዘመድ ማሳ ላይ፣ ከዒላማው ኋላ ከፍ ያለ የአፈር ክምር ባለበት ቦታ ይለማመዳሉ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ከዚህ በታች ያሉትን እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የዐይኑ ፈተና በሥዕል ተደግፎ በተከታዩ ዕትም ይውጣ፤ 50 ፓውንድ የሚለው ቁጥር ከ20 እስከ 30 በሚለው ይታረም፤ ፎቶግራፉም ቀስቱና ፍላጻው በአንድ ጎን በሚታዩበት ሌላ ፎቶግራፍ ይተካ። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ለገናና ለጥምቀት የሚያመጡትን ዕቃ የሚገዙት ከኅዳር ጀምሮ ስለሆነ ማረሚያው ከዚያ በፊት ቢወጣ አንባቢዎቻችሁ ይጠቀማሉ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ሐዋሳ